የጤና መድን መታወቂያና የሰደቃ ሳጥን



ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ሺንሺቾ ቤተሰቦቼ ዘንድ ነበርኩ። ጁሙዓ ዕለት ኹጥባው ሳይጀመር የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መስጂዱ በር ድረስ መጥታ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ለአንድ ልጅ ሰጠች፤ ልጁም ለሼኻችን አደረሰ። ሶላት እንዳለቀ ሼኻችን ወረቀቷን ዘርግተው አነበቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዓመቱ መዋጮ መክፈያ ጊዜ እያበቃ ስለሆነ ያላሳደሰ ሁሉ ቶሎ ያሳድስ ይላል። «እንግዲህ ሰምታችኋል» አሉና ዱዓ አደረጉ። ሰውም ጫማውን እየፈለገ ወጣ።

እኔ ጫማዬን እንደያዝኩ አንዲት ጎረቤታችን ትዝ አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሺንሺቾ ትንሽ ከተማ ናት፣ ይህ ጽሑፍ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። የቃለ ሕይወት ምእመን ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። የእኛንና የእርሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ቆጮ ከየትኛው ቤት እንደሚጣፍጥ ስለማውቅ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምገባው እማማ ዘንድ ነበር።

የእማማ ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት «መክፈል የማይችሉ» ተብለው ከተመዘገቡት ሰዎች ውስጥ አልገቡም። ልጁ ግን ሱቁ ከተዘረፈበት ወዲህ ገንዘብ መላክ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አፍሮ ነው መሰለኝ መደወልም ትቷል። ቆርቆሮው የተመታው ልጁ ደህና በነበረበት ጊዜ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ አይበላም። እማማ መዋጮውን ሳይከፍሉ ዓመቱ አለፈ፤ በዚያው ዓመት ታመሙ።

የወሰድናቸው የሕክምና ተቋም መታወቂያው ያልታደሰ መሆኑን አይቶ ሙሉውን ክፍያ ጠየቀ። ሠራተኞቹን አልወቅስም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን አወጣች፤ የእድሩ ሰዎች ጨመሩ። አልሞላም። አባቴ መስጂድ ሄዶ ከሰደቃው ሳጥን እንዲጨመር ሲጠይቅ አንዱ «ሳጥኑ የመስጂዱ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለክርስቲያን ይሆናል እንዴ?» አለ። ሌሎቹ ዝም አሉ። እማማ ጊደራቸውን ሸጡና ታከሙ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዳኑ። ጊደሯ ግን የቤቱ ብቸኛ ሀብት ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ትወልዳለች ተብላ ትጠበቅ ነበር።

ይህ ጉዳይ ከራሴ አልወጣ ስላለ ነው የምጽፈው። ስለ ሃይማኖት ተቋማትና ስለ መንግሥት ትብብር ብዙ ይወራል፤ ስብሰባ ይጠራል፣ ሼኹም ቄሱም ፓስተሩም ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ክትባት ሲመጣ፣ ችግኝ ሲተከል፣ ግብር ሲሰበሰብ ወረቀት ወደ መስጂድና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይላካል። ክፉ ነገር ነው አልልም። በሚንበር የተነገረ ነገር በቀበሌ ስብሰባ ከተነገረው የበለጠ ይሰማል፤ ይህን መንግሥትም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ድምፅ ማጉያ መሆን አንድ ነገር ነው፣ አጋር መሆን ሌላ። አጋር ወረቀቱን አንብቦ ብቻ አይመልስም፤ «ከዚህ ዝርዝር የቀረ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ መድን ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት አንዱ የእኛው የከምባታው ዳምቦያ ነበር። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ቤተሰቡ በጤና ጣቢያና ውል በተገባበት ሆስፒታል ሲታከም በየጊዜው ከኪሱ አያወጣም። የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ይጨምርበታል። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። ለዚህ የሚመደበው በጀት ግን ልክ አለው። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚያልቀው ድሃው ሲያልቅ ሳይሆን በጀቱ ሲያልቅ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ይገባል፤ ከመስመሩ በላይ አንድ ጣት ከፍ ያለው ይቀራል። ባለ ቆርቆሮዋ መበለት፣ ሦስት ልጅ የያዘው የቀን ሠራተኛ፣ አረብ አገር ሄዳ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ ያላት ቤተሰብ። እነዚህ በመዝገብ ላይ ድሃ ያልሆኑ ድሆች ናቸው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሁሉንም ቤት ለቤት ዞሮ ሊያውቃቸው አይችልም። ጀመዓው ግን ያውቃቸዋል፤ ማን በረመዳን ማፍጠሪያ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ያውቃል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም እንዲሁ።

የሃይማኖት ሰዎችና የመንግሥት ሥራ እዚህ ጋ ነው መገናኘት የሚችሉት። መንግሥት ሆስፒታሉ፣ ባለሙያውና ሥርዓቱ አለው። እኛ ዐይን አለን፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ገንዘብም አለን።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል ወዲያው ዘካ የሚል ወንድም አይጠፋም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። የዘካ ተቀባዮች በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ስምንት ወገን ተብለው ተቆጥረዋል፤ እንደፈለግን የምንዘረጋው አይደለም። አብዛኞቹ ዑለሞች ዘካ ለድሃው በእጁ፣ በባለቤትነት መድረስ አለበት ይላሉ። ግዴታ የሆነው ዘካ ለሙስሊም ድሃ እንደሚሰጥም ያስተምራሉ፤ ልባቸው የሚለሰልስላቸው የተባሉት ለብቻቸው ናቸው። በድሃው ፈቃድ፣ በውክልና፣ በስሙ መዋጮ ቢከፈልለት ይበቃል ወይ የሚለውን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ። የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፤ ፈትዋ የመስጠት ድፍረት የለኝም።

ሰደቃ ግን ሰፊ ነው፤ ወቅፍም እንዲሁ። ሰደቃ ለጎረቤት፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ እንደሚሰጥ የሚጠራጠር ዓሊም አላጋጠመኝም። ሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ ካልተዋጉንና ከቤታችን ካላስወጡን ሰዎች ጋር በመልካም መኖርን አይከለክለንም። እማማ አልተዋጉኝም፤ ቆጮ ነው ያበሉኝ።

ከዚህ የሚበልጠውን ምሳሌ ያገኘሁት ከኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ነው። አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት ዑመር አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ አይሁድ ደጅ ለደጅ ሲለምን ያገኙታል። ለምን እንደሚለምን ሲጠይቁት እርጅናን፣ ችግርንና የሚጠየቀውን ግብር ይነግራቸዋል። እጁን ይዘው ቤታቸው ወስደው ሰጡት፤ ከዚያ የበይተል ማል ኃላፊውን ጠርተው ይህንንና መሰሎቹን እንዲመለከት አዘዙት፣ ግብሩንም አነሡለት። ታሪኩን ብዙ ጊዜ በዳዕዋ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚነገረው የዑመርን ርኅራኄ ለማሳየት ነው። እኔን የገረመኝ ግን «መሰሎቹን» የሚለው ነው። ዑመር ለአንድ ሰው ምጽዋት ሰጥተው አላለፉም፣ ዝርዝሩን ነው ያስተካከሉት።

ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝብ ሲያደርጉም እንዲሁ ነው። ውሃ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ለተጠሙት አንድ አንድ ቅል ውሃ ከማደል ይልቅ ምንጩን ከፈቱ።

አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «መድን ራሱ ሐላል ነው ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሊታፈርበት አይገባም። የጅዳው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ኢንሹራንስ ሲወስን የንግዱን ዓይነት ከልክሎ በመረዳዳትና በልግስና ላይ የቆመውን የትብብር መድን አማራጭ አድርጎ አስቀምጧል። የእኛ አገሩ የማኅበረሰብ አቀፍ መድን ትርፍ የሚካፈሉ ባለአክሲዮኖች የሉትም፤ የሚከፈለው መዋጮ የታመመውን ጎረቤት ያሳክማል። ከእድር የሚለየው በደብተሩ ስፋት ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ቢሆንም በዚህም ላይ ሼኾቻችን ተነጋግረው ለጀመዓው ግልጽ ቢያደርጉልን ብዙ ሰው ከዝምታ ይወጣል። ሳይከፍል የሚቀረው ሁሉ ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ጥያቄ ይዞ የሚቀርም አለ።

ወደ ጎረቤቶቻችን ልመለስ። በዚህ አካባቢ ከሃይማኖት ተነሥተው የሕዝብ አገልግሎት በመስጠት እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፤ ዘግይተናልም። እዚሁ ሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም.። በጉራጌ የሚገኘውን የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የካቶሊክ እህቶች ናቸው፤ በዙሪያው ስንት ሙስሊም መንደር እንዳለ የጉራጌ ልጆች ይንገሯችሁ። ይህን ስል የሚያኮርፍ ይኖራል። ማኮረፍ ግን ሆስፒታል አይሠራም።

ከእኛው ከከምባታ ደግሞ የዶክተር ቦጋለች ገብሬ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬኤምጂ ኢትዮጵያን የመሠረቱት፣ በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ማለቴ ነው። ድርጅታቸው የሃይማኖት አይደለም፤ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ግን በውይይቱ ውስጥ ነበሩ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም የመጡት እኒህ ሴት መጀመሪያ ያደረጉት ሕዝቡን ምን እንደቸገረው መጠየቅ ነው። ሕዝቡ የጠየቀው ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበሬም ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ስለ ግርዛት ሲናገሩ ቁጭ ብሎ የሰማቸው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ንግግሩን እናስቀድምና ድልድዩን እንረሳለን።

የዋቸሞ የጤና ተማሪዎች በየቀኑ የሚገቡበትን ሆስፒታል ስም አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ንግሥት እሌኒ መሐመድ። የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ፣ በኋላ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ንግሥት። የሙስሊም ባላባት ልጅ፣ የክርስቲያን ንግሥት፣ ዛሬ የሁላችን ሆስፒታል። ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ስትገቡ በሩ ላይ የአባቷ ስም አብሮ ተጽፏል።

ከሩቅ ምሳሌ ካስፈለገ ኢንዶኔዥያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1912 በጆግጃካርታ ኪያይ አሕመድ ዳህላን የመሠረቱት ሙሐመዲያ ዛሬ ከ100 በላይ ሆስፒታሎች አሉት፤ በአገሪቱ ብሔራዊ የጤና መድን የመጣን ታካሚ ያክማሉ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን ኩፓንግ የሚባለው ቦታ ነው። አካባቢው የክርስቲያኖች ነው፣ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ እዚያ ያለው የሙሐመዲያ ዩኒቨርሲቲ አብዛኞቹ ተማሪዎች ክርስቲያኖች ናቸው። ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ አይጠየቁም። ከምባታ ውስጥ ላለን ጥቂት ሙስሊሞች ከዚህ የበለጠ የሚመስለን የት ይገኛል?

መንግሥት ይውጠናል የሚል ስጋት አለ፤ ከንቱ ስጋት አይደለም። አዛውንቶቻችን የመጅሊስ ጉዳይ ምን ያህል እንዳደከማቸው እናውቃለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲል አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይግባ ይላል እንጂ ለታመመ ሰው አብረው አይክፈሉ አይልም። ደግሞም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ምክር ቤቱ በአዋጅ የተቋቋመ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅም የሃይማኖት ተቋም የሚያቋቁመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተመዝግቦ እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ከወረዳው ጋር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መዋዋል እንችላለን። ውል ያለው ሰው አይዋጥም፤ የሚዋጠው «እሺ» ብሎ የሚወጣው ነው።

ሕዝቡን ማሳከም የመንግሥት ግዴታ ነው፣ ግብር እየከፈልን ለምን ደግመን እንከፍላለን የሚልም አለ። እውነት አለው። የምንከፍለው መንግሥት እንዲያርፍ ከሆነ ተሳስተናል። ለዚህ ነው ውሉ ላይ በየዓመቱ ወረዳው በራሱ በጀት የሚሸፍናቸው ቤተሰቦች ቁጥር እንዳይቀንስ መጻፍ ያለበት። እኛ አምስት ቤት ስንጨምር እነርሱ አምስት ቤት ከቀነሱ ለእማማ ምን ጠቀምናቸው? ደግሞ መታወቂያው ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። መታወቂያውን ይዞ ገብቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰው እዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ውስጥም አይጠፋም። የከፈለ ሰው ግን የመጠየቅ መብት አለው፤ ጀመዓው ለሃያ ቤት ከፍሎ ከሆነ ሼኻችን ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሲገቡ የሚይዙት ወረቀት ከማስታወቂያ የተለየ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የሰደቃችን ሳጥን በወር ስንት እንደሚገባበት የሚያውቅ ማነው? በየመስጂዱ አማና ያለባቸው ሰዎች ቁልፉን ይዘዋል፣ አላህ ይመንዳቸው፤ ብዙዎቹ ከኪሳቸው እየጨመሩ ነው የሚያሠሩት። ነገር ግን መዝገቡን ያየ ሰው አላውቅም። መንግሥትን ግልጽነት እየጠየቅን የራሳችንን ሳጥን በእምነት ብቻ ዘግተን ልንቀመጥ አንችልም። እምነት የደረሰኝ ምትክ አይደለም። በሱረቱል በቀራ ያለው ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ አይደለም እንዴ የሚናገረው?

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ከሺንሺቾ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከዶዮገና የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ስንመለስ በየመስጂዳችን አንድ ሥራ እንሥራ። የሳጥኑን ገቢና ወጪ በሦስት ሰው ፊርማ የሚመዘግብ ደብተር እናስጀምር፤ ወርኃዊ ድምሩም ጫማ ማውለቂያው ጋ ይለጠፍ። ከገቢው ጀመዓው የፈቀደውን ያህል ለመድን መዋጮ ይለይ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን ከዝርዝር የቀሩትን እንለይ። ገንዘቡ ለማንም በእጅ አይሰጥ፤ በቀጥታ ለመድኑ በቤተሰቡ ስም ገቢ ይሁን፣ ደረሰኙም በቤተሰቡ ስም ይቆረጥ። ባነር አይኑር፤ ደረሰኙን ተቀባዩ እጅ ላይ አስይዞ ፎቶ ማንሣትም አይኑር። የተቀባዩ ሃይማኖት በደብተሩ ላይ አምድ አይኑረው።

ይህን ሐሳብ በዚያው ዕረፍት ለሼኻችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ ያቺን የታጠፈች ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ጀርባዋን አገላበጡ። ጀርባዋ ባዶ ነበር። «የሚቀጥለው እድሳት መቼ ነው?» አሉኝ። አዝመራ ገብቶ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው አልኳቸው።

የዘንድሮውን የእማማን አባቴ ከፍሏል። ከመመለሴ በፊት ባለ መስመር ደብተር ከሱቅ ገዝቼ የመጀመሪያውን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ለሁለት ከፈልኩት፤ ገቢና ወጪ። ደብተሩ አሁን ሼኻችን ዘንድ ነው፣ ከሳጥኑ ቁልፍ ጋር።